ለታክሲ እየተሰለፍን ለባቡር የምንጋፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄውን እዚህ የውይይት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ባለፈው ረቡዕ ማታ ነው፣ ንዴቴ ሳይበርድ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከአያት መስመር ተሳፍሬ ሜክሲኮ ለመውረድ ከለገሃር ጀምሬ ወደ በሩ እየተጠጋሁ ነበር። እንደ ታክሲ ወራጅ አለ ብዬም ጮኬያለሁ፤ ለማን እንደጮህኩ አላውቅም እንጂ፣ ባቡር ረዳት የለው። በሩ ሲከፈት ታች የቆመው ሰው ባንዴ ገባ። አንድ እግሬ ወጥቶ ነበር፣ ተመለሰ። በግፊያው የምሳ ዕቃዬ ክዳን ላላና ሽሮው ከሚገቡት አንዷ ነጠላ ላይ ተደፋ። ነጭ ነጠላ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ሌላ ሰው መሀላችን ገባ፣ በሩም ተዘጋ። እኔ ተግባረ ዕድ ወርጄ በእግሬ ወደ ሜክሲኮ ተመለስኩ፤ እሷ ከነሽሮዋ ወደ ጦር ኃይሎች ቀጠለች።

የጠየቅኩት ይህን ነው፦ እኛ እኮ ሰልፍ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ማታ 12 ሰዓት መገናኛ ሂዱና እዩ። የታክሲው ሰልፍ አጥር ተከትሎ ይጠማዘዛል፤ ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ ይዘረጋል እንጂ ሰልፉ አይፈርስም። መሀል ልግባ የሚል ከተገኘ ከፊት እስከ ኋላ ይጮህበታል። ጠዋት ባቡር በር ላይ ክርኑን የሚሰነዝረው ያው ሰው ነው። ሌሊት ምን ነክቶት ያድራል?

እስካሁን 64 መልስ መጥቷል። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው፣ መላሹን በመልሱ ቁጥር እየጠራሁ፣ እንደ ቅደም ተከተሉ እተርካለሁ። የተደጋገመውንና ስድብ ብቻ የሆነውን ዘልያለሁ።

1 ቁጥር አዘነችልኝ። ከዚያ ሽሮው ተጋቢኖ ነበር ወይስ ፈሰስ ያለ ብላ ጠየቀች፤ ፈሰስ ያለ መሆኑን ስነግራት አዘኔታዋን በግማሽ ወሰደችው። 2 ቁጥር ጨርሶ አላዘነም። ባቡር የሚሳፈር ሰው ፍርፍር ነው የሚይዘው ባይ ነው፤ ጥፋቱን ከተሳፋሪው አንስቶ ከኔ ኩሽና አስገባው።

3 ቁጥር ጨዋ ሰው ነው፣ ዕድሜውም ጠና ያለ ይመስለኛል። ባቡሩ መስከረም 2008 ሲጀምር ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር ብቻ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ደርሶ መመለሱን፣ በመገናኛ በኩልም እንዲሁ መዞሩን አስታወሰ። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ ሰው ለሰው ቦታ ይለቅ ነበር፣ ወለሉ ላይ የሶፍት ቁራጭ እንኳ አይታይም ነበር ሲል በናፍቆት ጻፈ። 4 ቁጥር በትሕትና አረመው፦ መስከረም 9 የተከፈተው የቃሊቲው መስመር ብቻ ነው፣ የአያት–ጦር ኃይሎቹ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 29 ስለሆነ የመገናኛው ሽርሽር በመስከረም ሊሆን አይችልም። 3 ቁጥር ተመልሶ መጥቶ አመነ፤ ሁለቱን ጉዞ አንድ አድርጎ ያስታውስ ኖሯል። እርማትን እንዲህ የሚቀበል ሰው በዚህ የውይይት ክር ሁለተኛ አላየሁም።

5 ቁጥር ነገሩን ወደ ቁጥር ወሰደው። ሲጀመር 41 ባቡር ነበር። በኋላ መለዋወጫውም መግዣው የውጭ ምንዛሪም ሲያጥር ብዙዎቹ ቆሙ፣ በ34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድና በ39 ጣቢያ ላይ የሚጠብቀው ሕዝብ ግን አልቀነሰም። የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ለዚህኛው ቢጋፋ ምን ይፈረድበታል ነው ክርክሩ። 6 ቁጥር አልተዋጠለትም። እሑድ ከሰዓት፣ ባቡሩ ግማሹ ባዶ ሆኖ፣ ያው ግፊያ በሩ ላይ እንዳየ ይምላል፤ መቀመጫ ፍለጋ ነው እንጂ የባቡር እጥረት አይደለም አለ። ሁለቱም እውነት ያላቸው ይመስለኛል። መቀመጫው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ከአያት ቆሞ ሜክሲኮ መድረስ ደግሞ ቀላል አይደለም።

7 ቁጥር ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የጻፈው፣ በዋሽንግተን ሜትሮ በቀዩ መስመር ነው የሚመላለሰው። እዚያ በሩ ሲከፈት የሚሳፈረው ግራና ቀኝ ቆሞ ወራጁን ያሳልፋል፤ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ የቆመ ቀኙን ይዞ ይቆማል፣ የቸኮለ በግራ ያልፋል፤ ባቡር ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሥልጣኔ የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ጻፈ።

8 ቁጥር ቆጣ ብላ መጣች። ባቡሩ በየጥቂት ደቂቃው የሚመጣለት ሰው ቢታገሥ ምን ይገርማል፣ አንተስ መጨረሻ ሜክሲኮ የቆምከው መቼ ነው ስትል ጠየቀችው። ከአገር የወጣው በ2003 መሆኑን መለሰ። ያን ጊዜ ሐዲዱ እንኳ አልተነጠፈም። በዚህ ላይ ስንት ሰው እንደሳቀ አልነግራችሁም።

9 ቁጥር ከቤርሼባ፣ ለ7 ቁጥር መልስ በሚመስል። እስራኤል ውስጥ እሑድ ጠዋት ወታደሮች ወደ ካምፕ የሚመለሱበት ስለሆነ ባቡሩ ከነሻንጣቸውና ከነመሣሪያቸው በነሱ ይሞላል፤ መተላለፊያው ወለል ላይ ተኝተው ነው የሚያገኛቸው። ለመውረድ በተኛ ልጅ ላይ መራመድ ግድ ነው። ውጭ አገር ሁሉ ሥርዓት ነው የሚባለውን ተዉት አለ። ልጆቹ ግን ያሳዝኑታል፤ አንዳንዴ ሲረግጣቸው እንኳ አይነቁም።

10 ቁጥር ዱባይ የምትሠራ እህት ናት፣ የክሩን መልክ የለወጠችውም እሷ። እዚያ ሜትሮው ውስጥ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ፤ ወንድ ቢገባበት 100 ድርሃም ይቀጣል። አንድ ቀን ሳያስተውል የገባ ሰው ከነሻንጣው ሲባረር አይታለች። አዲስ አበባ ለዕረፍት መጥታ ባቡር በተሳፈረች ጊዜ የናፈቃት ከሁሉ በፊት ያ ክፍል ነበር፤ ምክንያቱን መጻፍ አላስፈለጋትም።

ከ11 እስከ 22 ያለው ሁሉ የሴቶች ነው ማለት ይቻላል። ስለ በር ስናወራ ስለ ምን እየዘለልን እንደነበር ያየሁት እዚህ ነው፣ ሽሮዬም ትንሽ አሳፈረኝ። 11 ቁጥር ሻርፗ ላይ የምትሰካት መርፌ ቁልፍ ለጌጥ አይደለችም። ከኋላዋ የሚጠጋው ሰው በግፊያው ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ባቡሩ ሲቆም ታውቀዋለች፦ ግፊያው ላልቶ እሱ ካልተንቀሳቀሰ መርፌዋ ሥራ ትጀምራለች። 13 ቁጥር እንደ ቀልድ ነገር ጣል አደረገ፣ 14 እና 15 ተቀባበሉት። የሱ ጽሑፍ አሁን የለም፣ ራሱ አጥፍቶታል። 16 ቁጥር ወንድ ነው፤ ሰው ሲበዛ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ የላዩን ብረት ይይዛል፣ ሞባይሉን ኪስ አውላቂ ይውሰደው እንጂ እጁ ታች አይወርድም። 11 ቁጥር አመሰገነችው። 17 ቁጥር ለብቻ ክፍል ይደረግ ስትል፣ 18 ቁጥር ሚስቱንና ልጁን ይዞ የሚሄድ ሰው እንዴት ይሁን ብሎ ጠየቀ፣ 19 ቁጥር ቤተሰብ ተለያይቶ ስድስት ጣቢያ ቢሄድ አይበተንም አለችው። 22 ቁጥር ደግሞ መጮህ ብቻ እንደሚሠራ ከራሷ ጻፈች። አንድ ጊዜ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰውየውን እንደ ታላቅ ሰው በአንቱታ፣ አባቴ እጅዎን ያንሱልኝ ብላው ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አይቶታል። ዕድሜው 25 ቢሆን ነው። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደ።

ከዚያ መስኮት መጣ። መስኮት በመጣበት ውይይት ሌላ ነገር አይቀጥልም። 23 ቁጥር ያነሳው የሽታ ጉዳይ ነበር፦ ሰው እንደ ሰርዲን ተጠቅጥቆ፣ የአንዱ ማዳበሪያ ሽንኩርት፣ የሌላው ላብ፣ መስኮት የሚከፍት ግን የለም፣ የከፈተም ይወገዛል። 24 ቁጥር ንፋስ ጀርባዬን ይመታኛል አለ። 25 ቁጥር በሽታ የሚተላለፈው በታፈነ አየር እንጂ በንፋስ እንዳልሆነ፣ በ2012 በኮሮና ጊዜ ክፈቱ የተባልነውም ለዚህ መሆኑን አስረዳች፤ የጤና ባለሙያ ሳትሆን አትቀርም። 26 ቁጥር ለንፋሱ ሳይሆን ለምች ነው ብሎ ነገሩን ከሳይንስ እጅ ነጠቀ። ከዚያ እስከ 31 ዳማከሴ የት ይገኛል፣ ይጨመቃል ወይስ ይታሻል፣ ቅዳሜ ነው ሰኞ ትኩሱ የሚመጣው ተባለ። አንዲት እናት ጓሯቸው ያለውን ለመጣ ሁሉ እንሰጣለን አሉ፣ አድራሻ እንዳይጽፉ ለመንኳቸው።

32 ቁጥር በስፒከር የሚያወሩትን አነሳች፦ የባሏን ዕዳ፣ የአከራይዋን ክፋት ያላወቀ ተሳፋሪ የለም፣ ጠዋት ከኢርፎን ይልቅ ጆሮ የሚዘጋ ጥጥ ይሻላል። 33 ቁጥር ቲክቶክን ደረበበት። 34 ቁጥር ግን መንፈሳዊ ስብከት ከሆነ ጮክ ቢል ምን ይጎዳል በማለቱ ነገሩ ተበላሸ። 35 ቁጥር የኔም እምነት ስብከት አለው፣ እኔም ልክፈት ወይ አለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተርክም። 38 ላይ የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ ሦስት መልስ አነሳና ወደ ባቡሩ እንድንመለስ አሳሰበ። የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ ጆሮም ይጾማል።

39 ቁጥር ስለ ኖር ጻፈች፤ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ልጅ ሆና አያቷ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ኖር ብሎ ይነሳ ነበር፣ እሳቸውም በእግዜር ብለው ነው የሚቀመጡት። ባቡር ውስጥ ምርኩዝ የያዙ አባት ከፊቱ ቆመው ስልኩን የሚያይ ወጣት ስታይ ያ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይመጣል። 40 ቁጥር ዛሬም የሚነሳ ብዙ ነው፣ አንቺ የምታስታውሺው ያልተነሳውን ነው ብሎ ተቃወማት፣ ቀስ ብሎ። 41 ቁጥር የተጎዳ ሰው ነው። ዕድሜው 47፤ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ተማሪ ብድግ ብላ አባባ ይቀመጡ አለችው። ዙሪያውን አየ፣ ሌላ አባባ አልነበረም። ተቀመጠ። እስከ ልደታ ድረስ ጠጉሩን ስለ መቀባት ሲያስብ ሄደ። 42 ቁጥር የራሰ በራነትን ነገር ጠየቀው። መልስ አልሰጠም።

44 ቁጥር በመሀል ለገሃር የሚለው ከፈረንሳይኛ የመጣ መሆኑን፣ ጣቢያ ማለት እንደሆነ ነገረን፤ ስለዚህ የለገሃር ጣቢያ ስንል ጣቢያ ጣቢያ እያልን ነው። 45 ቁጥር የድሬዳዋ ሰው ናቸው፣ የድሮውን ምድር ባቡር ተሳፍረውበታል። በእሳቸው ጊዜ ጓዝ በመስኮት ነበር የሚገባው፣ አንዳንዴ ባለጓዙም አብሮ። አዋሽ ላይ ቡፌው ጋ ባቡሩ ሲቆም ወርዶ ሻይ የጠጣ ሰው ቦታው ተይዞ ቢያገኘው ደንቡ ግልጽ ነበር፦ መቀመጫው ላይ ጋቢ ትቶ ከሆነ የሱ ነው፣ ጋዜጣ ከሆነ አይደለም። እንግዲህ እኛ የከፋን መስሎን ነበር።

48 ቁጥር ጥያቄዬን የመለሰው ሰው ነው። ተራ አስከባሪ ነበር፣ ሁለት ዓመት። ሰልፍ በሰው ጠባይ አይቆምም ባይ ነው። የታክሲ ሰልፍ የሚሠራው ሰው ቆጥሮ ስለሚያውቅ ነው፦ ሚኒባስ 12 ይጭናል፣ ከፊቴ 30 ሰው አለ፣ ስለዚህ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ይህን ያወቀ ሰው ዝናብም ቢመታው ይቆማል፣ ተራውን ማንም እንደማይወስድበት ያምናላ። የታክሲው በር ደግሞ አንድ ነው፣ የት እንደሚከፈት ይታወቃል። ባቡር ሲመጣ ግን በሮቹ ብዙ ናቸው፣ የት እንደሚቆሙ ማንም አያውቅም፣ ውስጥ ስንት ቦታ እንዳለም እንዲሁ። አንደኛ የቆመው ሰው በሩ ከሱ አምስት እርምጃ ርቆ ከተከፈተ የመጨረሻ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቀን እንዲህ የሆነበት ሰው ሁለተኛ አይሰለፍም። እሱ ራሱ በታክሲው ሥራ ዘመኑ ሰልፍ ሲፈርስ ያየው ሹፌሩ ከተለመደው ቦታ አልፎ የቆመ ዕለት ብቻ ነው።

ይህን አንብቤ ተነሥቼ ቡና አፈላሁ።

49 ቁጥር አንድ ነገር ጨመረበት፣ እኔም በየቀኑ እያየሁት ያላሰብኩት ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት። አንድ ቦታ ቆመህ የሚመጣው የአያት ይሁን የቃሊቲ ማወቅ አለብህ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሩ ሲከፈት ነው፤ በሩ መሀል ቆሞ አያት ነው ቃሊቲ ብሎ ውስጥ ያለውን ይጠይቃል፣ ውስጥ ያለውም ሁለቱንም ይመልስለታል። 50 ቁጥር አረንጓዴው የአያት፣ ሰማያዊው የቃሊቲ መሆኑን ለማወቅ ዓይን ይበቃል ሲል፣ 51 ቁጥር እናቱ ዓይናቸው ላይ ሞራ እንዳለባቸው፣ ባለፈው ሳሪስ ሊሄዱ ተነሥተው ጉርድ ሾላ እንደወረዱ ጽፎ ዝም አሰኘው። 50 ቁጥር ይቅርታ ጠየቀ።

ዓርብ፣ ሰኞና ማክሰኞ የ48 ቁጥርን ነገር ሞከርኩት። ባቡሩ በየጊዜው የሚቆምበትን ለማየት ከመሣፈሪያው ምሰሶ ጎን፣ አንዱ ንጣፍ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ዓርብ በሩ ከስንጥቁ አንድ እርምጃ አልፎ ተከፈተ። ሰኞ ልክ ፊቴ። ማክሰኞም እዚያው፣ ግን ማክሰኞ ሌላ ነገር ሆነ፦ ከኋላዬ ሰው ቆሞ ነበር፣ ከሱ ኋላ ሌላ፣ ዞር ስል አምስት ሆነዋል። ስድስተኛዋ መጥታ የምን ሰልፍ ነው ብላ ጠየቀች፤ ዘይት የመጣ መስሏት ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ጎን አልኩ፣ አምስቱም አሉ፣ ሦስት ሰው ወረደ፣ አንድ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ጎረምሳ ግን ሁላችንንም አልፎ ገባ። ስድስተኛዋ ሴትዮ እስከ መገናኛ ስትሰድበው ነበር።

ይህን እዚህ ስጽፍ 56 ቁጥር አንድ ሰው ብቻ ማለፉ ጥሩ ውጤት ነው አለ። 57 ቁጥር በሳምንት ሦስት ቀን የሞከረ ሰው ስለ ከተማ አያውራ አለ። 58 እና 59 ሁለቱ የድሮ ጠላቶች ናቸው፣ ከሌላ ክር ይዘውት የመጡትን ነው የጨረሱት። 61 ቁጥር ለበዓል ዶሮ በባቡር ማጓጓዝ ነውር ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ አንዱ ዶሮው ከፌስታል አንገቱን አውጥቶ የጎረቤቱን ስልክ ሲጭር አይቷል፣ ቪዲዮውም ተከፍቶ ነበር አሉ።

64 ቁጥር ትናንት ሌሊት ነው የመጣው። ነጠላው የኔ ነው አለች። ማንም አላመናትም፣ እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ረቡዕ መሆኑን፣ ጥለቱ አረንጓዴ መሆኑን ራሴ ስለጻፍኩ ከዚያ ማንበብ ትችላለች። ሽሮው ቅቤ የለውም፣ ለዚያ በአንድ ውኃ ለቀቀልኝ ብላ ጨመረች፣ እሱንም ረቡዕ መሆኑን የሰማ ሁሉ ይገምታል። ለማረጋገጥ የቱ ትከሻ ላይ እንደፈሰሰ ጠየቅኋት፣ ይህን አልጻፍኩም ነበርና። ግራ ብላ መለሰች። እኔ የማስታውሰው በቀኝ በኩል ነው፣ ተሳስተሻል ልላት ጀምሬ ነበር።

ፊት ለፊት ነበር የቆምነው።